ሽማግሌ ፊት የማይነበብ ወረቀት

«ብይኑ ተሰጠ! የልጆቹ ክስ ይቀጥላል» አለችኝ ጠበቃችን በስልክ። ወደ ቡልቡላ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ጮህኩ።

«እህቴ፣ ሎተሪ ደረሰሽ እንዴ? አካፍዪና!» አለ ረዳቱ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። አባቴ ስለሞተ የምንጠይቀው ካሳ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው?

አባዬ ሴራሚክ አንጣፊ ነበር። አንድ ቀን ማታ አትላስ አካባቢ ከሚሠራበት ሆቴል ሲመለስ፣ ሰፈራችን ከታክሲ እንደወረደ ገልባጭ መኪና መንገድ ስቶ ዳር ላይ ገጨው።

በሰልስቱ ማግስት የመኪናው ባለቤት የላካቸው ሽማግሌዎች ድንኳናችን ገቡ። እማዬ ወንበር ብታቀርብ «እሺ ሳትይን አንቀመጥም» አሉ። አንደኛው ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ሾፌሩ ሆን ብሎ አላደረገውም። ስለ እግዚአብሔር ይቅር በዪ።»

«ይቅር ብያለሁ አባቴ፣ ኧረ ይቀመጡ!»

ያኔ ወረቀት ወጣ። አጎቴ ሊያነበው እጁን ሲዘረጋ እማዬ አፈጠጠችበት። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ፊት ወረቀት መመርመር አላመንኳችሁም ማለት ነው። ፈረመች። እነሱም ተቀምጠው ንፍሮ ዘገኑ።

የመኪናውን ባለቤት ስንከስ ያ ወረቀት ፍርድ ቤት ቀድሞን ጠበቀን። «የካሳ ጥያቄ የለኝም» ይላል። የባለቤቱ ጠበቃም «ታርቀዋል፣ መዝገቡ ይዘጋ» አለ። ከዚያ ወዲህ እማዬ እህል አልወርድ አላት። «ቆመው ሳያቸው ጊዜ እኮ… ልጆቼን በገዛ እጄ» ትልና ትተወዋለች። ኪራይ መክፈል ሲያቅተን ታናሽ ወንድሜን ደብረ ብርሃን አክስቴ ጋ ልትልከው ልብሱን በሻንጣ ከተተችለት።

ጠበቃችን እንዲህ ብላ አስረድታኝ ነበር፦ «ካሳ የሰው ዋጋ አይደለም። አባትሽ ቢኖር ኖሮ ያበላችሁ የነበረው ነው። እናትሽ የራሷን መተው ትችላለች፤ አካለ መጠን ያልደረሱ ልጆቿን ድርሻ ግን ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ መተው አትችልም።» ከዚያ አባዬ ያደርግልን የነበረውን ጻፊ አለችኝ። ኪራይ፣ አስቤዛ፣ ደብተር ብዬ ጀመርኩ። ብዕሩ አልቆም አለኝና ዝናብ ሲሆን ወንድሜን ጭቃውን አዝሎ ያሻግረው እንደነበርም ጻፍኩ። ጠበቃዋ አነበበችው። «ለዚህ ካሳ የለም» አለች። «ግን እንዳትሰርዢው። መጻፍ ትችያለሽ አንቺ።»

ቤት እንደገባሁ ብይኑን ለእማዬ ነገርኳት።

«የኔስ?» አለች እማዬ።

«ያንቺ… በዕርቁ ቀርቷል።»

«ደግ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ገና ምስክር ይሰማል፣ ገና ይከራከሩናል። ብናሸንፍስ፣ ክረምቱ ሲመጣ ወንድሜን ማን ሊያዝለው? ሻንጣው አልተፈታም፤ በሩ ሥር እንደቆመ ነው።

ጠበቃዋ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡልቡላ የእድራችን አዳራሽ ትመጣለች፤ ያለ ክፍያ። «ሰው የሞተበትን ሁሉ ጥሪ» ብላኛለች፣ ይኸው እየጠራሁ ነው። የፈረማችሁም ኑ። ያልፈረማችሁ ደግሞ ወረቀቱን ይዛችሁ ኑ፣ ጮክ ብዬ የማነብላችሁ እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹንም አምጧቸው። ወንበር በሽ ነው።