በሩን አንዴ ዘጋሁት

ከስድስተኛ ክፍል ወዲህ የጻፍኩት ነገር ቢኖር የአስቤዛ ዝርዝር ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። ነገሩን ባደባልቀው፣ የኋላውን ወደ ፊት ባመጣው፣ የሚያነብልኝ ሰው ይታገሰኝ። ሰው ፊት መናገር አልችልም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። የምጽፈውም ያኔ መናገር ሲገባኝ ያልተናገርኩትን ነው።

እናቴ ስትሞት ትምህርቴን አቆምኩ። አባቴ መካኒክ ነው። ያን ጊዜ እሪ በከንቱ ከሚባለው ሰፈር አጠገብ በቆርቆሮ የታጠረች ጋራዥ ነበረችው፤ እኛም የምንኖረው ከጋራዡ ጀርባ ባለች አንድ ክፍል ነበር። ምሳ ሠርቼ ስጨርስ እሱ የፈታውን ብረት በናፍጣ አጥባለሁ። እሱ መኪናውን አስነስቶ አንገቱን ዘንበል ያደርግና፣ "ምን ይላል?" ይለኛል።

"አንዱ ካንዴላ አይሠራም" እላለሁ።

"በርቺ! ሌላስ?"

ሰው ከሌለ እመልስለታለሁ። ደንበኛ ከመጣ ግን ብረቱን ጥዬ ወደ ቤት እገባለሁ። አባቴ ስለ ድምፅ ብዙ አስተምሮኛል። "ሞተር ያጉረመርማል፣ ካምቢዮ ግን ያለቅሳል" ይለኝ ነበር፤ የማርሹን ሳጥን ማለቱ ነው። "የሚያጉረመርመው ይቆይሻል። የሚያለቅሰውን ግን ቶሎ ክፈቺው።"

በኋላ እጮኛዬ የሆነው ሰው ወደ ጋራዡ የመጣው የአሠሪውን መኪና ሊያሠራ ነበር። ፒያሳ አንድ ወርቅ ቤት ውስጥ ወርቅ ሠሪ ነው። እኔ ልሸሽ ስነሳ፣ "ቆዪ፣ እጅሽን አሳዪኝ" አለኝ። ደነገጥኩ። የራሱን ሁለት እጆች ዘረጋ። "እኔ ወርቅ ነው የምሠራው፤ አንቺ ብረት ታጥቢያለሽ። የማን እጅ ነው የጠቆረው?" አየሁት፤ ወርቁን ሲያጸዳ ጣቶቹ ከእኔ ይልቅ ጠቁረዋል። ሳቄ አመለጠኝ። አባቴ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ "ማን ነው ልጄን ያሳቃት?" አለ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ሽማግሌ ላከ። ከአባቴ ጎን ተቀምጠው ሽማግሌዎቹን የተቀበሉት የእድራችን ዳኛ ነበሩ። ጋሼ ነው የምላቸው። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑን ያስተከሉት፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከደጃችን ያልጠፉት፣ ለእኔ ጥቁር ጫማ የገዙልኝ እሳቸው ናቸው። "ይቺ ልጅ የእኔም ልጅ ናት" ብለው ነው እሺታውን የሰጡት።

በዚያው ዓመት ሰፈሩ ሲነሳ ጋራዡም ፈረሰ። እኔና አባቴ ከጊዮርጊስ ጀርባ ቤት ተከራየን። አባቴ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ሌላ ጋራዥ አልከፈተም። እጮኛዬ ደግሞ ሠርጉ ሳይደርስ መኪና ልግዛ አለ።

ሁሉም መካሪ ሆነበት። እኛ ሰፈር መኪና የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ስትሸጣት ስንት ታወጣለች ተብሎ ነው። እሱ ግን፣ "የምሸጠውን አይደለም የምገዛው፤ የምይዘውን ነው" ይላቸው ነበር። ዝቅ ያለች አውቶሞቢል ነው የፈለገው። ማርሿ በእጅ የሚቀየር፣ ስትታጠፍ መንገዱን ቆንጥጣ የምትይዝ፣ ዳገት ላይ የማትለምን። ደግሞም የማትሰበር፣ ዕቃዋ የሚገኝ፣ ሃያ ዓመት የምትቆይ።

"ይሄን ሁሉ ጉድጓድ በዝቅተኛ መኪና? ወገብህን ጠልተኸዋል?" አለው አንዱ ጓደኛው።

"ኤሌክትሪክ ግዛና ከነዳጅ ሰልፍ ተገላገል" አለው ሌላው።

"ኤሌክትሪኩ ጥሩ ነው፤ ማርሽ የለውም እንጂ። እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ አጎንብሼ ነው የምሠራው። ማታ አንድ ነገር በእጄ ልንዳ" አላቸው።

ለእኔ ለብቻዬ ደግሞ፣ "ልጃችን መንዳት የሚማረው በእሷ ነው" አለኝ። "ልጃችን" ሲል መሬት መሬት አየሁ።

እሁድ እሁድ ከደላላ ጋር እንዞር ጀመር። እኔ ሻጭ ፊት አፌን መክፈት ስለማልችል አንድ ምልክት ተስማማን። እሱ ይነዳል፣ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ስንወርድ ነውር ካየሁ ወይም ከሰማሁ በሩን ዘግቼ፣ በደንብ እንዳልተዘጋለት ሰው እንደገና ከፍቼ እዘጋዋለሁ። ሁለቴ ከሆነ አንገዛም። አንዴ ከሆነ ይገዛል።

የመጀመሪያዋ ነጭ ነበረች። ደላላው፣ "ወንድሜ፣ ይቺ እኮ ዳገት ስታይ ትስቃለች!" ይላል። እኔ ግን ኮፈኑ ሲከፈት የማጠፊያው ብሎኖች ቀለማቸው ተልጦ አየሁ። በሩን ሁለቴ ዘጋሁት። እጮኛዬ ሻጩን አመስግኖ ወጣን፤ መንገድ ላይ ስንደርስ፣ "ምን አየሽ?" አለኝ።

"ኮፈኗ ተፈትቶ ያውቃል። ፊቷን ተመትታለች።"

ሰው ዞሮ እስኪያየን ሳቀ። "እኔ ወርቁን፣ አንቺ ብረቱን። ማን ያታልለናል ከእንግዲህ?"

ስድስት መኪና እንዲህ ጣልን። ደላላው ነገሩ አልገባውም። "እህቴ፣ ኧረ ቀስ፣ የሰው ንብረት ነው!" ብሎ ይቆጣኛል። ለእሱ ደግሞ፣ "አንተ፣ መኪና ነው ሚስት የምትመርጠው?" አለው አንድ ቀን።

"ሚስቱን ጨርሻለሁ" አለው። "መኪናውን እሷ ናት የምትመርጠው።"

በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በኋላ ጋሼ መኪና እንደምንፈልግ ሰምተው አስጠሩን። ጥቁር ሰማያዊ አውቶሞቢላቸውን ግቢያቸው ውስጥ ሸራ አልብሰው አቁመዋታል። "ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥ አለኝ። ለማያውቃት ሰው ከምሸጣት ለእናንተ ትሁን" አሉ። እጮኛዬ ሸራው ሲገለጥ ገና ዝም አለ። ወርቅ ሲያይ እንደዚያ ነው ዝም የሚለው። መካኒክ ጓደኛውን አምጥቶ ሞተሯን አስፈተሸ፣ ሥሯን አሳየ። መካኒኩ ግቢ ውስጥ እንደቆመች አይቷት፣ "ንጹሕ ናት" አለ።

ከዚያ ልንሞክራት ወጣን። እሱ ይነዳል፣ ጋሼ ከጎኑ፣ እኔ ከኋላ። እስከ ቴዎድሮስ አደባባይ ስንወርድ ምንም ድምፅ የላትም። አደባባዩን ዞረን ዳገቱን ስንጀምር ግን የካምቢዮዋ ዘይት ሞቀ። የጋሼ መካኒክ ወፍራም ዘይት ሞልቶባት ኖሯል፤ ወፍራም ዘይት እስኪሞቅ ድረስ ነውርን ይሸፍናል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ እግሩን ከነዳጅ መስጫው ባነሳ ቁጥር ከወለሉ ሥር ቀጭን ለቅሶ ይመጣል፤ የማርሹ ዘንግ ደግሞ ለብቻው ይንቀጠቀጣል። እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ማርሽ አንድ ቀን ከቦታው ይዘላል። እጮኛዬ አልሰማም፣ ምክንያቱም ጋሼ ያወሩ ነበር።

"እናትሽን ቀብረን የተመለስነው በዚቹ ነው፤ ትዝ ይልሻል ልጄ? አንቺ እዚያው አሁን ያለሽበት ጋ ተኝተሽ፣ አባትሽ ጭንቅላትሽን ይዞ።"

"ትዝ ይለኛል" አልኩ።

ግቢያቸው በር ላይ ስንቆም ወደ እኔ ዞሩ። "እህሳ፣ የመካኒክ ልጅ፣ ምን ትያለሽ?"

"ጥሩ ናት ጋሼ" አልኩ።

ወረድኩ። እጄ በሩ ላይ ነው። እጮኛዬ በስፖኪዮው እያየኝ ነው። ሁለቴ ብዘጋው ይህን ሰው፣ እናቴን የቀበሩልኝን ሰው፣ ባዶ እጃቸውን ከነመኪናቸው ትተናቸው እንሄዳለን። ሰፈሩ ምን አይተውባት ነው ይላል። አንዴ ዘጋሁት። እሱ ሁለተኛውን ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ ፊቱ በራ፣ እጁን ለጋሼ ዘረጋ።

ማታ ለአባቴ ነገርኩት። "ካምቢዮዋ ያለቅሳል።"

"ነገርሽው?"

"አልነገርኩትም።"

"ለምን?"

"የጋሼ ናታ!"

"ጋሼን አይደለም እኮ የገዛው፣ መኪና ነው። ነገ ንገሪው" አለኝ።

በማግስቱ ቀብዱን ከፍሎ መጣ። ከዚያ ውል ተዋዋሉ። ከዚያ ሊብሬው በስሙ ዞረ። እያንዳንዱ ቀን ካለፈው ቀን ይልቅ መናገሩን አከበደብኝ። "ያኔስ ለምን አልነገርሽኝም?" ይለኛል ብዬ ፈራሁ። እሁድ እሁድ እየመጣ ይወስደኛል። እንደ ልጅ ነው የሚደሰተው። በምኒልክ አደባባይ ስንዞር፣ "ስሚያት! መንገዱን እንዴት እንደያዘች ስሚያት!" ይለኛል። እሰማታለሁ። ከእሱ በላይ እሰማታለሁ። "ደስ ትላለች" እለዋለሁ። አባቴ ንገሪው ሲለኝ ደግሞ፣ "እሺ" ብቻ እለዋለሁ። እሱ ግን እሺ ስላልኩ የነገርኩት መስሎታል።

ነሐሴ ውስጥ በዝናብ፣ እናቱን ከሐኪም ቤት ይዞ ሲመለስ፣ ያንኑ ዳገት እየወጣ ሦስተኛው ማርሽ ዘለለ። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ግን መሄዷን ተወች። ከኋላ ይከተል የነበረ ሚኒባስ ፍሬን ቢይዝም መንገዱ ረጥቦ ኖሮ መታቸው። እናቱ ሊደገፉ የዘረጉት እጅ አንጓው ላይ ተሰበረ። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ድምፁ ረጋ ያለ ነበር። "እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፈናል። አባባን ለምኚልኝና መጥተው ይዩዋት" አለኝ።

መኪናዋ ተጎትታ የገባችው አባቴ የሚያውቀው ሰው ጋራዥ ነው። አባቴ ካምቢዮው ሲከፈት ቆሞ አየ። የተበላውን ጥርስ አንስቶ በጨርቅ ጠረገውና ለእጮኛዬ ሰጠው።

"ቶሎ ብታስከፍታት ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር" አለው። "ልጄ ነግራሃለች፤ ለምን ዝም አልክ?"

"ምን ነገረችኝ አባባ?"

አባቴ ያኔ ገባው። አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አየ። ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ሸሚዙ ላይ ይጠርግ ጀመር።

"ሰምተሽው ነበር?" አለኝ እጮኛዬ።

አዎ ለማለት ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብኩ።

"መቼ?"

አባቴ መለሰልኝ። "የሞከራችኋት ቀን ነው የነገረችኝ።"

እጮኛዬ አልጮኸም። ቢጮኽ ይሻለኝ ነበር። ጥርሱን በጠቆሩት ጣቶቹ ደጋግሞ ካገላበጠው በኋላ፣ "እኔ እኮ ጆሮዬን አቁሜ ስጠብቅሽ ነበር" አለ። "እናቴን ያስቀመጥኳት አንቺን አምኜ ነው።" ጥርሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ጋሼ ነገሩን ሰምተው በማግስቱ ከዘራቸውን ይዘው ቤታችን መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው እምቢ አሉ።

"እኔ አላውቅም ነበር ልጄ። ዘይቷን የሚቀይረው መካኒክ ነው፤ እኔ ምኑን አውቀዋለሁ? ብትነግሪኝ አሠርቼ እሰጠው ነበር።"

"ይቅርታ ጋሼ። እርስዎን አክብሬ..."

"አክብረሽኝ?" አሉ። "አሁን ሰፈሩ ሁሉ የሚለው፣ ለገዛ ልጃቸው የተሰበረ መኪና ሸጡ ነው። እሱ ነው ክብሩ?" ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ለመኪናዋ የተቀበሉትን ሁሉ ለእጮኛዬ ሊመልሱለት ጠየቁት፤ እሱም አልቀበልም አላቸው፤ እርስዎ አልበደሉኝም ብሎ።

እናቱን ልጠይቅ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በተሰበረው እጃቸው ሳይሆን በደህናው አቅፈው ሳሙኝ፤ ክፉ ቃል አልተናገሩኝም። እሱ ግን ሁለቱንም ቀን ሥራ በዝቶበት አልመጣም። ስልኩ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ከመስቀል በኋላ እነዚያው ሽማግሌዎች ተመልሰው መጡ። አባቴ ወንበር አወጣላቸው። አንዱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጁ ጨዋ ነው፣ ልጅቱም ጨዋ ናት፤ ግን እንጃ፣ አልሆነም" አሉ። የሠርጉ ነገር በዚሁ አበቃ። ጋሼ በዚያ ቀን አልተገኙም።

ከዚያ ወዲህ አንዴ ብቻ አገኘሁት። ባለፈው ወር ምኒልክ አደባባይ አጠገብ ታክሲ ስጠብቅ በእግሩ እየመጣ ነበር። አይቶኝ ቆመ፤ ማለፍ ይችል ነበር፣ አላለፈም። ስለ አባቴ እጅ ጠየቀኝ። እኔም ስለ እናቱ እጅ ጠየቅኩት። "መኪናዋስ?" አልኩት።

"ሸጥኳት" አለኝ። ታክሲው መጣ፤ ረዳቱ ይጣራል፤ ሰው እየገፋኝ ገባሁ። እሱ በመስኮቱ በኩል ጠጋ አለና፣ "ማርሿ እንደዘለለ፣ ኋላዋ እንደተመታ፣ ሁሉንም ለገዢው ነግሬው ነው የሸጥኩለት" አለኝ። "ሰውየው አመስግኖኝ ነው የወሰዳት።"