በአራስ ቡላ የቆመ አበባ

ይህን ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእናንተ የምጽፈው ስለማታውቁኝ ነው። ሌላውን የቤታችንን ጉድ አትጠይቁኝ፤ ይኸ አንዱ ይበቃኛል።

ጣልያን ቡታጅራ ላይ በነበረበት ዘመን አንዲት ሲኞራ የጨርቅ አበባ መሥራት አስተማረችኝ። የወንድሜ ሚስት ብርነሽ ግን ጎረቤት ሰብስባ ትስቅብኝ ነበር። «እቴ፣ ይህ እጅሽ እንሰት መፋቅ ካልቻለ ማን ሊያገባሽ ነው? አበባ የሚበላ ባል ፈልጊ እንጂ!» ቂም ያዝኩባት። ዛሬም አልለቀቀኝም።

ብርነሽ በወለደች በሦስተኛው ቀን የሲኞራዋ ባል በወባ ሞተ። ለሬሳ ሣጥኑ የሚሆን ነጭ የአበባ ጉንጉን በአስቸኳይ እንድሠራ ሲኞራዋ አዘዘችኝ። ጨርቁ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የምቀባውን ሙጫ እንዳፈላበት ፉርኖ ዱቄት ሰጠችኝ። የዱቄቱ ሙጫ ሲደርቅ ቢጫ ሆነ። ከእንሰት የሚወጣው የቡላ ሙጫ ግን ደርቆም እድፍ የለውም። እንሰታችንን የጣልያን ወታደሮች ስለጨፈጨፉት ቤት ውስጥ የቀረው ቡላ ለአራሷ ገንፎ በኮባ ተጠቅልሎ የተቀመጠው ብቻ ነበር።

እኔ አወጣሁት። እኔ አፈላሁት። ማን አስገደደኝ? ሲኞራዋ ቡላ የሚባል ነገር መኖሩንም አታውቅም። ጽጌረዳዎቼ እንዲያምሩ ፈለግሁ፤ ብርነሽም እንድታጣ ፈለግሁ። የተረፈውን ዱቄት ስመልስላት ሲኞራዋ «ታማኝ ልጅ» አለችኝ።

ብርነሽ ብዙ ደም ፈሷት ነበር። ገንፎ ስትጠይቀኝ የጎመን ውሃ ሰጠኋት።

«ቡላዬስ?»

«ወታደሮች ገብተው ወሰዱት።»

አመነችኝ። በዚያ ዘመን ይህን የማያምን ማን ነበር? «እንኳን አንቺን አልነኩሽ፣ እቴ» አለችኝ። በሳምንቷ ሞተች። ቡላው ቢኖር ትተርፍ ነበር? አላውቅም። እንዳይታወቅ ያደረግሁትም እኔ ነኝ።

ለመንገድ ሥራ በግድ ተወስዶ የነበረው ወንድሜ ሲመለስ ያንኑ ውሸት ደገምኩለት። በአርባዋ ማግስት «የአራስ ጉሮሮ የዘጋውን አልለቅም» ብሎ ወደ አርበኞቹ ሄደ። በዚያው ቀረ።

ልጅቷን፣ ካሳነሽን፣ አሳደግሁ። እማዬ ትለኛለች። አንድ ቀን እንኳ እንዴት አደራችሁ ብለው በራችንን ያላንኳኩ የብርነሽ ዘመዶች ዛሬ «ቅድስት ሴት» ይሉኛል። ሲያሞግሱኝ እጠላቸዋለሁ። ካሳነሽ ለልጆቿ «አያታችሁን ጣልያን ገደላት» ስትል አጠገቧ ተቀምጬ እሰማለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከገበያ የፕላስቲክ አበባ ገዝታ መጣችና ጭኔ ላይ ዘረገፈችው። ለእናቷ መቃብር ነው።

«እማዬ፣ እጅሽ ያውቅበታል፤ ጎንጉኚልኝ።»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ልጄ» አልኳት።

ዓይኔ ደህና ነው። ይኸው ዛሬም ዋሸኋት። ይቅር በሉኝ ብዬ አልለምናችሁም።