በአውቶቡስ የሚደረስበት ሐይቅ

ልብስ ሰፊው ልኬ ወርቅ አገኘ ተባለ። ወሬው ጠዋት ሻይ ቤት ተወልዶ እስከ ምሳ ድሆ፣ ቆሞ፣ ጥርስ አብቅሎ ነበር። መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነበር የተወራው፦ እንዲጠብ የመጣ አሮጌ ካፖርት ሲተረትር ከገበሩ ውስጥ የወርቅ ቀለበት ዱብ አለለት። ጫማ ጠጋኙ ጋ ሲደርስ ቀለበቱ አምባር ሆነ። ፀጉር አስተካካዩ ዘንድ ደግሞ ካፖርቱ ራሱ በወርቅ ክር የተሰፋ ነበር። በዚያ ወርቅ መኪና ገዝቷል። በመኪናው እሁድ እሁድ ጥቁር መነጽር የምታደርግ አንዲት ባለጸጋ ሴትዮ ያንሸራሽራል። ሴትዮዋም ባለ ሦስት ፎቅ ቤቷን ልታወርሰው ቃል ገብታለታለች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ነውና፣ የሻይ ቤቱ አሳላፊ ፎቁን አራት አደረገው።

ለማመን ያስቸገረው መኪናዋ ነበረች። እሷን ያየ ሰው «ወርቅ» ብሎ ለመናገር ያፍራል። የግራ በሯ የሚዘጋው በገመድ ነው። ጠዋት ስትነሳ የምትስለውን ሳል የሰማ አላፊ አግዳሚ «ይማርሽ» ሳይላት አያልፍም። ቀለሟን በተመለከተ ባለቤቱም እርግጠኛ አይደለም፤ አንዱ በር ከሌላው ጋር ተማክሮ የተቀባ አይመስልም። ወርቅ ያገኘ ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና የሚገዛ ከወርቁ ጋር ተጣልቶ ከሆነ ብቻ ነው።

እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ከታላቅ እህቱ ነው። ሰው ሲያይ ከሰላምታው በፊት ትከሻውን በዓይኑ ስለሚለካ «ልኬ» የሚል ስም የወጣለት ይህ ሰው እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያደገው በእሷ እጅ ነው። እታለም ይላታል። የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው፤ መርፌ አያያዝንም ያስተማረችው እሷ ናት። በስተእርጅናዋ ዓይኗ መድከም ሲጀምር ሐኪሙ መርምሮ መርምሮ «እይታሽ እየጠበበ ይሄዳል እንጂ ተመልሶ አይሰፋም» አላት።

«አሁን ዓለምን የማየው በአዝራር ቀዳዳ ነው» አለችው ለወንድሟ። «ቀዳዳው ሳይደፈን ያን ሐይቅ አንዴ ልየው። እማዬ ልብስ ታጥብበት የነበረውን።»

«እወስድሻለሁ።»

«እሁድ እንሂዳ! አውቶቡሱ እንደሆነ ከታች ከመታጠፊያው ነው የሚነሳው።»

«አውቶቡስ? እኔ ቆሜ?» አለ ልኬ፣ እንደ ሰደበችው ሁሉ። «አንቺን በሰው ብብት ሥር አጉሬ? ሰው ምን ይለኛል! በገዛ መኪናዬ፣ ከፊት ወንበር ተቀምጠሽ፣ ክንድሽን በመስኮት አውጥተሽ ነው የምትሄጂው።»

«መኪና የለህማ።»

«ይኖረኛል።»

«መንዳትም አትችል።»

«እማራለኋ! ደግሞ እጅጌ ከመግጠም አይብስ!»

ይብሳል። የልኬ ቀኝ እግር ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቀው የስፌት መኪናውን መርገጫ ብቻ ነው፤ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ። ነዳጅ መስጫው ላይ ሲያስቀምጡትም ሥራውን ቀጠለ። የማሠልጠኛዋ መኪና ትዘላለች፣ ትቆማለች፣ ደግሞ ትዘላለች፤ አስፋልቱን ከዳር እስከ ዳር በክር የምትሰፋ ትመስል ነበር። ወጣቱ አስተማሪ ቁመተ ረጅም ነበር፤ አናቱ ከጣሪያው ጋር ሲጋጭ ከርሞ አጠረ ይባላል።

«ጋሼ፣ እግርህን አሳርፈው እንጂ! ፊት ለፊትህ እኮ ጨርቅ የለም!»

«እኔማ አሳርፌዋለሁ፤ እሱ ነው እምቢ ያለኝ።»

«እንግዲያው እሱን ለብቻው ላስተምረው፤ አንተ ወርደህ ጠብቀን!»

ፈተና ወደቀ። ደግሞ ወደቀ። ለተጨማሪው ትምህርት ኪሱ ሲነጥፍ፣ አስተማሪው በገንዘብ ፈንታ ልብስ ሊቀበል ተስማማ። እሱ ሙሉ ልብስ ለበሰ፣ ወንድሞቹ ለበሱ፣ አማቱ ለበሱ። ልኬ መንጃ ፈቃዱን በእጁ ባስገባበት ቀን ከዚያ ቤተሰብ ሱፍ ሳትለብስ የቀረች ድመቷ ብቻ ነበረች።

ከዚያ መኪናዋ መጣች። ማምጣቱስ ቀላል ነው፣ ማኖሩ ነው እንጂ። ቤንዚን አምጣ ትላለች፣ ጎማ አምጣ ትላለች፤ ኢንሹራንስ አለ፣ ዓመታዊ ምርመራ አለ። ራዲያተሯ የሚጠጣው ውሃ አንድ ሠርግ ያጠግባል። መካኒኩም የአስተማሪውን ወሬ ሰምቶ ኖሮ በልብስ ካልተከፈልኩ አለ። ይኸውና ባለ ሰደርያ ሙሉ ልብሱን ግጥም አድርጎ፣ ከረባቱን አስሮ፣ ከመኪና ሥር በጀርባው ይተኛ ጀመር። ጋራዡ ያለበት መንደር ሰዎች ሙሽራ የተገጨ እየመሰላቸው ስንቴ ደንግጠዋል!

ይሄ ሁሉ ልብስ የሚሰፋው እሁድ ነበር። እሁድ ደግሞ ከድሮም የእታለም ቀን ነው። ልኬ ደጃፏ ላይ ተቀምጦ በየመርፌዎቿ ክር እያስገባላት፣ የሰው ሐሜት እያቀበለችው፣ ሲሳሳቁ ነበር የሚውሉት። አሁን ይደውላል።

«እታለም፣ ይሄን እሁድ ብቻ። ፍሬኑ ሊሠራ ነው።»

«እሺ ወንድምዬ።»

በሚቀጥለውም ይደውላል። «ይሄን እሁድ ብቻ፣ እታለም። ማርሹ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«መኪናው ይቆየን፤ አንተ ና እስቲ።»

«መጣሁ በቃ፣ ትንሽ ነው የቀረው!»

ስለ ራዲያተሩ ሲያወራላት ስለ ዓይኗ መጠየቁን ይረሳዋል። እሷም ሥራው ይታወክበታል ብላ አታነሳበትም።

በመጨረሻ አንድ እሁድ ጡሩምባውን እየነፋ ደጃፏ ደረሰ። እታለም ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጥቁር መነጽር አድርጋ፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየተከተለች ወጣች። መኪናዋን ከፊት መብራቷ አንስታ እስከ በሯ ገመድ ድረስ ዳበሰቻት፤ ገበያ ወርዳ ጨርቅ ስትመርጥ እንደምታደርገው።

«ወፍራም ናት፣ ታገለግልሃለች» አለች። «ቀለሟ ምንድን ነው?»

ልኬ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ስለ ቀለሟ የሚቀልደው ቀልድ ምላሱ ላይ ነበር። ከዚያ ፊቷን አየ። መነጽሩ የዞረው ወደ አጥሩ ነበር፤ መኪናዋ በሌላ በኩል ቆማለች።

«እታለም... ቀዳዳው?»

«ተደፈነ እኮ» አለች ቀስ ብላ። «ቆይቷል። ና፣ ገመዱን ፍታልኝና እንሂድ።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቢሆንም ሄዱ። መንገድ ላይ ሐሳቡ ሲሸሽበት እግሩ ወደ ልማዱ ተመለሰ፤ ጣት፣ ተረከዝ፣ ጣት፣ ተረከዝ። መኪናዋ ዘለለች። እታለም ክንዷን በመስኮት እንዳወጣች ከት ብላ ሳቀች።

«ዛሬም እየሰፋህ ነው እንዴ?»

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አውርዶ፣ ክንዷን ይዞ፣ ንፋሱ ከሚመጣበት አቁሟት ቆመ።

«ምን ይመስላል?»

«ሰማያዊ ነው።»

«ሰማያዊማ ስንት ዓይነት አለ! ልብስ ሰፊ አይደለህ?»

ልኬ ወደ ውሃው ጎንበስ አለ። «የዩኒፎርም ሰማያዊ። አዲሱን አይደለም፤ ታጥቦ ታጥቦ የለሰለሰውን። ዳር ዳሩ በነጭ ክር ተዘምዝሟል፤ ግን ክሩ አልታሰረም። ይተረተራል፣ ደግሞ ይሰፋል።»

«ማዶውስ?»

«ማዶው... ጣቃው አላለቀም፣ ጠርዙ አይታይም።»

እታለም ራሷን ነቀነቀች፣ እንዳየች ሁሉ። ከኋላቸው አንድ ትልቅ ሞተር አቃስቶ ቆመ፣ በር ተከፈተ፣ ሰዎች እየተጠራሩና እየተሳሳቁ ወረዱ።

«አውቶቡሱ ነው?» አለች።

«አዎ።»

«እዚሁ ድረስ ነው የሚያመጣው?»

«እዚሁ ድረስ።»

እታለም ፊቷን ወደ ንፋሱ መለሰች። ብትሰድበው በወደደ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ አምልጦት አያውቅም። መኪናዋ ከተነሳች በመኪናዋ፣ ካልተነሳች በአውቶቡስ ይሄዳል። የሻይ ቤቱ ወሬ የተፀነሰው በተነሳችባቸው ቀናት ነው። ሰኞ ጠዋት ልኬ ሻዩን ሊጠጣ ሲገባ አሳላፊው አላስቀመጠውም።

«ልኬ፣ እስቲ አውጣው! ወርቁ ስንት ግራም መዘነ?»

«እሱን ተወው» አለ ጫማ ጠጋኙ ከጥግ፣ «ባለጸጋዋ ፎቁን መቼ ነው የምታስረክብህ? ምድር ቤቱን ለእኔ አከራየኝ እንጂ!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ልኬ የአሳላፊውን ትከሻ በዓይኑ ለካ፣ የጫማ ጠጋኙንም ለካ፣ ተቀመጠና ብርጭቆውን ወደ ራሱ ሳበ።

«ወርቅ የለም» አለ። «ከካፖርቱ ኪስ ያገኘሁት የአውቶቡስ ቲኬት ነው። ባለጸጋም የለችም፤ እህቴ ናት፣ የምትኖረው በአንዲት የኪራይ ክፍል ነው። ፎቅ የሚባል ነገርም የለም።»

«እሺ ማንሸራሸሩስ? እሱንም ልትክደን ነው?»

«አላንሸራሸርኳትም» አለ ልኬ። «ዘገየሁባት።»