አሪፋ ያልደበቀችው መረብ

አሪፋን ሰነፍ ናት የሚል ካለ ፊት ለፊቴ ይምጣ። ሐይቅ ከተማ ባለው የዓሣ አስጋሪዎች ማህበር አብረን መረብ ስንሠራ፣ እንደ እሷ ሥራ የሚያንገበግባት ሴት አላየሁም። ያኔ አንዷ ሴት አንድ መረብ ጀምራ ራሷ ትጨርሳለች። መረቡ መጀመሪያ ውኃ የሚገባ ቀን ሠሪዋ ዳር ወርዳ ትጠብቃለች፤ አስጋሪው ሲመለስ ሰው ሁሉ እየሰማ ወይ ይመርቃታል፣ ወይ ያዋርዳታል። ኑርዬ የሚባል አፈ ክፉ አስጋሪ አንዴ የተተረተረ መረብ ወርውሮላት፣ «ይኸን ለሸረሪት ስጪው!» ብሏታል። እያለቀሰች ፈትታ እንደገና ሠራችው። በሌላ ጊዜ ደግሞ «አላህ እጅሽን ይባርከው» ሲላት ሳምንቱን ሙሉ ጉራዋን አልቻልነውም።

የአሠራር ለውጥ የሚሉት ሲመጣ ፈንታሁን የሚባል ሥራ አስኪያጅ ተሾመብን። ሥልጠና ወስዶ የመጣ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። ሥራውን ቆራረጠው፦ አንዷ ክር ትለካለች፣ አሪፋ ትቋጥራለች፣ እኔ ከታች መረቡን የሚያሰጥመውን እርሳስ አስራለሁ፣ ሌላዋ ከላይ የሚያንሳፍፈውን ቡሽ ታስራለች። ውኃ ዳር መውረድም ሰዓት ማባከን ነው ተብሎ ተከለከለ። ደመወዝ ጨመረልን፤ አልዋሽም፣ ደስ ብሎን ተቀበልን። አሪፋ ግን ውላ ሳታድር ደነዘዘች። ቋጠሮዋ ላላ፤ ስትጠየቅ ትከሻዋን ትሰብቃለች። ፈንታሁን ለብቻዋ ጨመረላት፣ ያው ናት። ቤቷ መረቡ ከሚቀመጥበት መጋዘን አጠገብ ስለሆነ ቁልፉን ሰጣትና ኃላፊነት አሸከምኳት ብሎ ተኩራራ። ሰውዬው ስትናደድና ስትደሰት አይቷት አያውቅም፤ ምን እንደወሰደባት በምን ይወቅ?

ጦርነቱ ሲቃረብ ፈንታሁን ከሁላችንም ቀድሞ ወደ ደብረ ብርሃን ፈረጠጠ። ታጣቂዎች ከተማውን ይዘው ከሰነበቱ በኋላ መጋዘኑን ሰብረው መረቡን ሁሉ ጭነው ሄዱ። አሪፋ በሯ ላይ ቆማ አየቻቸው።

እነሱ ሲወጡ ፈንታሁን ተመለሰና ስብሰባ ጠራ። አስጋሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ተቀምጠዋል።

«ቁልፉ እርስዎ ጋ ነበር» አላት፣ ጣቱን እየቀሰረ። «ጊዜም ነበረዎት። አንድ መረብ እንኳ እንዴት አይደብቁም? የማህበሩ ንብረት አይደለም?»

«ነው እንጂ፣ የማህበሩ ነዋ!» አለች አሪፋ ብድግ ብላ። «ድሮ ቢሆን የኔይቱን ቀሚሴ ሥር ጠቅልዬ አርዲቦ ሐይቅ ድረስ እወስዳት ነበር፣ ወላሂ! አንተ ባመጣኸው አሠራር ግን የትኛው መረብ የኔ ነው? ቋጠሮውን ብቻ ፈትቼ ልደብቅልህ ኑሯል?»

 

ፈንታሁን በማግስቱ አባረራትና ሌላ ቋጣሪ ቀጠረ። ክፍፍሉ እንዳለ ነው። እኔም እርሳሴን አስራለሁ። መረቡ ዓሣ ይያዝ አይያዝ ጠይቄ አላውቅም፤ ደመወዙ ይግባ እንጂ ከመረቡ ጋር ፈንታሁንን እሰሪ ቢሉኝም አስራለሁ።