ለማይገባው ሰው የመጣ ስንቅ

ወደ ክፍሉ ሲያስገቡኝ በመጀመሪያ ያስተዋልኩት ሰዎቹን ሳይሆን ወለሉን ነው። ፖሊስ ጣቢያው እስረኛ የሚያኖርበት ቤት ቀድሞ የቡና መጋዘን ነበር። ሲሚንቶው ተሰነጣጥቆ፣ በስንጥቆቹ ውስጥ የቀረው የቡና ገለባ ከግድግዳው ሥር በሚወጣው እርጥበት እየራሰ የሻገተ ሽታ ይሰጣል። ከበሩ በስተግራ፣ ማዕዘኑ ላይ፣ አፉ የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ቆሟል። ለምን እንደ ቆመ መጠየቅ አላስፈለገኝም። መስኮት አልነበረም፤ ብርሃን የሚገባው በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ነው፤ ዝናቡም የሚገባው በዚያው ነው። ዝናብ በጣለ ጊዜ በዚያ ጣራ ሥር መነጋገር አይቻልም፤ ሁሉም አፉን ዘግቶ እስኪያባራ ይጠብቃል። በቦንጋ ክረምት ይህ ማለት አብዛኛው ቀን ዝምታ ነው ማለት ነው።

የታሰርኩበት ምክንያት አጭር ነው። በአንድ ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ፣ ከከተማው በላይ ያለው ጫካ ለማን እንደ ተሰጠና ሕዝቡ ለምን እንዳልተጠየቀ ጠየቅሁ። ጠይቄም ተቀመጥሁ። መርማሪው ግን ከስብሰባው በኋላ ወጣቶች ሰብስቤ መንገድ እንዲዘጉ እንዳነሣሣሁ የሚገልጽ የምስክር ቃል አነበበልኝ። ቃሉን የሰጠው ጎረቤቴ ነበር፤ በአጥር የምንዋሰን፣ ቀበሌ ውስጥ የሚሠራ፣ ሐዘንና ደስታ የተካፈልነው ሰው። ቃሉ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሐሰት ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ሆኖ የተመረጠው አንድ ግዙፍ የባጃጅ ሹፌር ነው። እርሱ የተያዘው መንገዱ ተዘጋ በተባለበት ቀን በዚያው መንገድ ሲያልፍ ታይተሃል ተብሎ ነው። ቦታዬን እያሳየኝ፣ “ጋሼ፣ እርስዎ መንገዱን ዘግተዋል ተብለው፣ እኔ በተዘጋው መንገድ ሄደሃል ተብዬ ገባን። ቢያንስ አንዳችን መፈታት አለብን” አለኝ። በዚያ ቤት ውስጥ የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ያ ነው።

ክፍሉ ሥርዓት ነበረው። ስንቅ የሚመጣለት ሰው ብቻውን አይበላም። የመጣው ሁሉ፣ ቆጮውም ጎደሬውም ጎመኑም፣ በአንድ ላስቲክ ላይ ይቀርባል፤ ጠያቂ ቤተሰብ የሌለው ከዚያ ይካፈላል። ከጣቢያው የሚሰጠው ጠዋት ጠዋት አንድ ዳቦና አንድ ብርጭቆ ሻይ ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ ላስቲክ የተገለለ ሰው ውሎ አድሮ ጉልበቱ ይከዳዋል።

ሳምንታት ካለፉ በኋላ በሩ ተከፍቶ ያ ጎረቤቴ ተገፍትሮ ገባ። ከሚያገለግላቸው ሰዎች ጋር በምን እንደ ተጣላ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። እኔን ሲያይ ለመመለስ እንደ ማሰብ አለ፤ በሩ ግን ከኋላው ተዘጋ። ባዶ የነበረው ቦታ ከጀሪካኑ አጠገብ ያለው ብቻ ነው። ሄዶ እዚያ ተቀመጠ።

ማን እንደሆነ ክፍሉ ሁሉ ያውቅ ነበር። አንዳንዱ ሊደበድበው ፈለገ። ሹፌሩ ከለከላቸውና ወደ እኔ መጥቶ፣ የተበደሉት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይፍረዱ አለኝ።

ፈረድሁ። ማንም እጁን እንዳያነሣበት፤ የጣቢያው ዳቦ መብቱ ስለሆነ ማንም እንዳይነካበት፤ ስንቃችን ግን የእኛ ስለሆነ ከዚያ እንዳይካፈል። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሒሳብ ያስተማርሁ ሰው ነኝ፤ ለማንም ተማሪ ግማሽ ነጥብ በችሮታ ጨምሬ አላውቅም፤ ከማንም ላይም ቀንሼ አላውቅም። ያን ፍርድ ዛሬም ቢሆን ትክክል ነበር እላለሁ።

ሚስቱ ልጆቿን ይዛ ደካ፣ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳ ነበር። በዚያ ክረምት የደካ መንገድ ጭቃ ነው፤ ማንም ሊጠይቀው አልመጣም። እኛ ስንበላ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ዳቦውን ከፍሎ ግማሹን ለማታ በሸሚዙ ውስጥ ያስቀምጣል፤ እርጥበቱ ግን ማታ እስኪደርስ ሊጥ ያደርገዋል። ከዚያ ሳል ጀመረው፤ ከሳሉም በኋላ ትኩሳት። ጉንጩ ገብቶ ዓይኑ ብቻ ቀረ። ይሄ ሰው ሊሞትብን ነው፣ አለኝ ሹፌሩ አንድ ቀን። በፍርዴ ላይ የምጨምረውም የምቀንሰውም አልነበረኝም።

አሁን ስለ ባለቤቴ መናገር ይኖርብኛል። እኔ ኦርቶዶክስ ሆኜ አድጌ በዚያው የቀረሁ ነኝ፤ እርሷ ግን ከተጋባን በኋላ ከወንጌላውያኑ ጸሎት ቤት ገባች። በቤታችን ውስጥ አንድ ቃል ያከራክረን ነበር፤ ጸጋ። ያለ መለኪያ የሚሰጥ አምላክ መለኪያውን ለምን ፈጠረው እያልሁ አጥብቄ እጠይቃታለሁ። እርሷ መከራከር አትወድም። “በሚዛን ቢሆንማ አንተስ የት ትገኝ ነበር?” ብላ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

የጥየቃ ቀን ቤተሰብ ከተወጠረው ገመድ ወዲያ፣ እኛ ወዲህ እንቆማለን። ስንቅ በመካከል ባለው ጠረጴዛ በኩል ያልፋል፤ እዚያ የቆመው ፖሊስ፣ ስንቁን ያመጣው ሰው ከእያንዳንዱ ዕቃ እንዲቀምስ ያዛል። በዚያ ቀን ባለቤቴ ከፔስታሏ ውስጥ ሁለት ምሳ ዕቃ አወጣች። ሁለተኛው የማን እንደሆነ ፖሊሱ ጠየቃት። የጎረቤታችንን ስም ስትጠራ ከገመዱ ወዲህ ሆኜ ሰማሁ። የሹፌሩ እኅት በሩ ላይ አብረው ወረፋ ሲጠብቁ ስለ ሰውየው ረሃብና ሕመም ሁሉንም ነግራት ኖሯል።

“ይሄ ባልሽን ያሳሰረው አይደለም እንዴ?” አላት ፖሊሱ።

“ነው” አለች። “ክፈተውና ልቅመስ።”

ከፈተው፤ ቀመሰች። ከዚያ ወደ ገመዱ ቀረበች። ማን እንዳዘዛት ጠየቅኋት፤ ማንም እንዳላዘዛት ነገረችኝ። ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ “አይገባውም” አልኋት።

“አይገባውም” አለች እርሷም። “ሳይቀዘቅዝ አድርስለት።”

ቢያንስ ብትከራከረኝ ኖሮ ምን እንደምመልስላት ዐውቅ ነበር።

ሁለቱንም ዕቃ ይዤ ገባሁ። አንዱን ላስቲኩ ላይ አስቀመጥሁ፤ ሌላውን ወስጄ ከፊቱ አኖርሁና ከማን እንደ ተላከለት ነገርሁት። ቆጮና ጎመን ነበር፤ እንፋሎቱ ገና አልጠፋም። ሰውየው ዕቃውን አየ፤ እኔን አየ፤ እጁን ግን አልዘረጋም። ፊቱ ላይ ያለው ፍርሃት መሆኑን ለመረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ።

“ውስጡ ምን አለበት ጋሼ?” አለ።

ሹፌሩ ከወዲያ ሆኖ፣ “አይዞህ፣ መርዝ እንኳ ቢገኝ ላንተ አይባክንም” አለው። ጥቂቶች ሳቁ።

ከጀሪካኑ አጠገብ ባለው እርጥብ ወለል ላይ ተቀመጥሁ። ውኃው ሱሪዬን ሲያልፍ ይሰማኛል። ከቆጮው ቆርሼ በጎመኑ አድርጌ በፊቱ በላሁ፤ ዋጥሁም። ያን ጊዜ ዕቃውን ወደ ራሱ ሳበ። ጀርባውን ሰጥቶን፣ ሳሉ እያቋረጠው፣ ሁሉንም ጨረሰ። አላመሰገነኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌሩ እኔን ሳይጠይቅ ላስቲኩ ላይ ቦታ ሰጠው፤ እኔም አልከለከልሁትም።

እውነቱን ልናገር ከጀመርሁ አይቀር፣ ያን ቀን በእጄ ውስጥ ከምሳ ዕቃው ሌላ ተስፋም ነበር። የበላ ሰው በእኔ ላይ የሰጠውን ቃል ያነሣል ብዬ ዐስቤአለሁ።

የፍርድ ቤት ቀጠሮው ደረሰና እኔንና ጎረቤቴን በአንድ መኪና ወሰዱን። ትኩሳቱ ለቆት፣ ጉንጩ ሞላ ብሎ ነበር። እጁን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ አድርጎ ማለ፤ ያን ሐሰት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ነገር ሳያስቀር ደገመው። ሲናገር የሚያየው ዳኛውን ነበር። ስንመለስ የክፍሉ ሰዎች ዜናውን ሲሰሙ እንደገና ተነሡበት። ሹፌሩ በመካከል ቆመ፤ በዚያ ቀን የሚቀልድ ሰው አልነበረም። የፊተኛው ቃሌ አልተለወጠም፤ ማንም እንዳይነካው አልሁ። ጎረቤቴ ግን ስንቁ ሲቀርብ አልመጣም፤ የጠራውም የለም። ተመልሶ ጀሪካኑ አጠገብ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው የጥየቃ ቀን ዝናብ ይጥል ነበር። የባለቤቴ ነጠላ ርሶ ከትከሻዋ ጋር ተጣብቋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ምሳ ዕቃ ቆሟል። ከሁለቱም ቀመሰች።

“አልሰማሽም ማለት ነው” አልኋት።

“ሰምቻለሁ።”

“በሐሰት ማለ።”

“አዎ፤ ማለ።” ዕቃዎቹን በገመዱ ላይ አሻግራ አቀበለችኝ። “የእርሱ ክዳኑ አይገጥምም። ቀጥ አድርገህ ያዘው።”

ከጠረጴዛው እስከ ክፍሉ በር ያለውን መንገድ ያን ያህል ረጅም ሆኖ አግኝቼው አላውቅም። ልደፋው እችል ነበር፤ ጭቃው ያዳልጣል፤ ማንም ሆነ ብሎ ነው አይለኝም። ቀጥ አድርጌ ያዝሁት። ክፍሉ ሁሉ ሲያየኝ አልፌ ሄጄ ከፊቱ ተቀመጥሁ። አላየኝም። ለምን ሲል ጠየቀኝ፤ ድምፁ ከዝናቡ በታች ሆኖ ከከንፈሩ ነው ያነበብሁት።

ወደ ጆሮው ተጠግቼ፣ “ባለቤቴ ናት የላከችልህ። እኔ ብሆን አልልክልህም” አልሁት።

ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ ክዳኑን ከፍቼ የመጀመሪያውን ጉርሻ በላሁ። ዕቃውን ወደ እርሱ ገፋሁለት። ጨርሶ እስኪበላ ከአጠገቡ አልተነሣሁም።

ከወራት በኋላ መዝገቡ ተዘግቶ ተፈታሁ። እርሱ ከእኔ ቀድሞ ወጥቷል። ዛሬ ከቤተሰቡ ጋር ደካ እንደሚኖር እሰማለሁ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ ሰውም አልላከብኝም። ስለ ጫካው የጠየቀ ሰው ደግሞ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

የባለቤቴ ጸሎት ቤት ሰዎች ይህን ታሪክ ከየት እንደ ሰሙት አላውቅም። አንድ ቀን ሽማግሌዎቹ ቤት ድረስ መጥተው፣ ጠላትን ስለ መውደድ ለምእመናኑ እንድናገር በትሕትና ጠየቁኝ። አመስግኜ እምቢ አልኋቸው። ከሸኘኋቸው በኋላ ምክንያቱን ለባለቤቴ ነገርኋት። ያን ሰው አልወደድሁትም፤ ዛሬም አልወደውም፤ ያልወደድሁትን ወደድሁ ብዬ በእግዚአብሔር ቤት ልቆም አልችልም። ከእኔ ያልወጣ ፍቅር በእጄ አለፈ፤ እኔ ሳልደፋ አደረስሁት፤ ከዚህ የበለጠ የምመሰክረው የለኝም።

የሽማግሌዎቹን ብርጭቆዎች እየሰበሰበች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

“ያ ይበቃል” አለች።