ከለቅሶ ቤት ደጅ

ጅል ነኝ። አጎቴ ለቅሶ በመጡ ቁጥር ደጅ ድንጋይ ላይ ሲቀመጡ፣ «ጋሼ፣ ንፍሮውን ፈርተው ነው?» እያልኩ ሰው አስቅ ነበር። እሳቸውም «እኔ እዚሁ ይሻለኛል» ብለው አብረው ይስቁ ነበር።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ነበሩ። በኮሮና ጊዜ ለቀስተኛውን ከየበሩ የመለሱት እሳቸው ናቸው። በሽታው አለፈ፤ እሳቸው ግን እንቅልፍ እንደራቃቸው፣ ለቅሶ ቤት ዘልቆ መግባት እንዳቃታቸው ቀሩ።

እሳቸውን የቀበርን ዕለት ደጁ ላይ ማንም አልነበረም። ባናዬን ተከናንቤ እንደሳቸው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። በኮሮናው ጊዜ ባሏን ያለ ለቀስተኛ የቀበረችው ጎረቤታችን መጥታ አጠገቤ ቆመች።

«እኔስ ቂም ይዤ ነው ግቡ ያላልኳቸው» አለችኝ። «አንተን ምን በድለውህ ነው ሰው ያሳቅክባቸው?»