መሪጌታን ሁለተኛ ጊዜ የጠየቅኋቸው ቀን

ባለፈው ኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ... ከወረታ ወጣ ብላ ባለች መንደር፣ መሪጌታ ጥበቡ ደጅ ላይ ተቀምጬ አንዴ የጠየቅኋቸውን ጥያቄ እንደገና እየጠየቅኋቸው ነበር።

የሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪዬን እየጨረስኩ ነው። ጥናቴ ባል ወይም ሚስት የሞተባቸው ሰዎች ኀዘን ላይ ነው። መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ተርጉሜ ሰዎቹን አንድ ዙር ከጠየቅሁ በኋላ አማካሪዬ «ሁለት ሳምንት ቆይተሽ ተመለሽና ያንኑ ጠይቂያቸው» አሉኝ። ያው መልስ ከመጣ መጠይቁ አስተማማኝ ነው ይባላል። መለካት የፈለግነውን ነገር መለካቱ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱ ተገቢነት ይባላል። ሁለቱንም ሸምድጄ ፈተና አልፌባቸዋለሁ...

መሪጌታ ድጓ ያስተምራሉ፣ ሩዝም ያርሳሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ በክረምቱ ነው ያረፉት።

«ባለፉት ሁለት ሳምንታት ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶዎታል?»

«የለም። ተስፋ መቁረጥማ የይሁዳ ነው ልጄ።»

«የምግብ ፍላጎትዎ ቀንሷል?»

«ጾም አይደለም እንዴ? ቢቀንስስ ምን አለበት።»

«መኖር ትርጉም የለውም ብለው አስበው ያውቃሉ?»

«እግዜር የሰጠውን ዕድሜ? ኧረ የለም።»

ያለፈው መልሳቸው ነው፣ ቃል በቃል። በሆዴ ደስ አለኝ... መጠይቁ ሠራ ብዬ። በነጥቡ መሠረት መሪጌታ ደህና ናቸው።

ልነሣ ስል «ባለፈውም ይህንኑ ነበር የጠየቅሽኝ» አሉኝ።

«አዎ መሪጌታ፣ አሰለቸሁዎ መሰለኝ።»

«አይ... አላሰለቸሽኝም።» በመቋሚያቸው ጫፍ መሬቱን ሲነካኩ ቆዩ። «ለቅሶ የደረሰው ሁሉ ጠይቆኛል። አገሩ በሙሉ ነው የመጣ። ተመልሶ መጥቶ የጠየቀኝ ግን አንቺ ነሽ።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ መልሼ ተቀመጥኩ።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ ካረፉ ወዲህ ቤቱ እንዴት ነው መሪጌታ?»

መቋሚያቸውን አጠገባቸው አስቀመጡ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። ማኅሌት ቆመው ድምፃቸው አልወጣ እንደሚላቸው። ተማሪዎቻቸውን ካሰናበቱ መሰንበታቸውን። ባዶውን መደብ ላለማየት ውጭ ውጭውን ሲሉ እንደሚያመሹ። ራሳቸውን እንደሚያማቸው፣ ዓይናቸውም ብዥ እንደሚልባቸው።

«የሚወስዱት መድኃኒት የለም?»

«የግፊት ክኒን ነበረኝ። እሷ ነበረች ጧት ጧት ከውኃ ጋር የምትሰጠኝ። ከእጇ ነው የምቀበል የነበረ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ... ልወስድ እነሣና እጄ እንቢ ይለኛል።»

ደነገጥኩ። ክኒኑ ባለቤታቸው ካረፉ ጀምሮ አልተነካም ማለት ነው። «አሁኑኑ ወረታ አብረን እንሂድ» አልኳቸው። ሩዙ አልታጨደም ብለው አንገራገሩ። አጥር ለአጥር ያሉት ጎረቤታቸው ሰምተውን ኖሮ ወጡና «ሩዙን እኛ እናጭድልዎታለን፤ ልጅቱን እሺ ይበሏት» አሏቸው። ቀስ እያልን እስከ አስፋልቱ በእግር ወጣንና ባጃጅ ያዝን።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ነርሷ ግፊታቸውን ለካች። ቁጥሩን አየችና በሌላኛው ክንዳቸው ደግማ ለካች። ወዲያው አልጋ ላይ አስተኝታ ሐኪም ጠራች። ኋላ እኔን ለብቻዬ «ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ በእግራቸው አይመጡም ነበር። እንኳን አመጣሻቸው» አለችኝ። ኮሪደሩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ልጃቸው ተደውሎላት ከሐሙሲት ስትደርስ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እኛ ስንደውል ሁልጊዜ ደህና ነኝ ነው የሚለን። አንቺ በምን አወቅሽ?» አለችኝ። አላወቅሁም ነበር። እኔም የያዝኩት ደህና ናቸው የሚል ነጥብ ነበር። ተስፋ መቁረጥ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን የቤተ ክርስቲያን ሰው እንደዚያ ሲጠየቅ የሚመልሰው ስለ እምነቱ ነው፤ ስለ ኀዘኑ ማን ጠየቀው? መቶ ጊዜ ብጠይቃቸው መቶ ጊዜ ያንኑ ይሉኝ ነበር።

አሁን ልጃቸው በየጧቱ ትደውላለች፤ እሷ መስመር ላይ እያለች ክኒኑን ይውጣሉ። ተማሪዎቹም ተመልሰዋል። እኔም ከመንደሩ ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ ጥያቄዎቹን እንደ አዲስ ጻፍኳቸው። ከኀዘኑ ወዲህ የተዉት ሥራ አለ ወይ፣ ቤት መግባት ይከብድዎታል ወይ የሚሉ ገቡ። እንደዚህ ብዬ ስጠይቅ ሰው ያወራኛል።

እግዚአብሔር ይመስገን... አንዴ የጠየቅሁትን ጥያቄ ይዤ ዳግመኛ ያን የእግር መንገድ እንድሄድ ስላደረገኝ። መሪጌታንም አመሰግናለሁ፤ እኔን አምነው ለማንም ጆሮ ያልሰጡትን ነገር ስለነገሩኝ።

ለአማካሪዬ ደውዬ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «መልሱ ሁለቴም አንድ ነው፤ መጠይቁ ግን ወድቋል» አልኳቸው።

«ሰውየው ከተነሡ መጠይቁ ይውደቅ» አሉኝ።